የዶክተር ስመኝ የበዓል ቀን ጥያቄ

ዶክተር ስመኝ ማረፋቸውን የሰማሁት በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ወረታ ከተማ፣ አንድ የሩዝ መፈልፈያ መጋዘን ውስጥ ቆሜ ነው። የደወለችልኝ ስታስታምማቸው የከረመችው ታናሽ እኅታቸው ነበረች። «ሙሉቀን፣ እትዬ አረፈች» አለችኝ።

ከፊቴ ማሽናቸው አለ። ፓምፑ እያጓራ ነው። ስልኩ ከመጥራቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በመለኪያው መስኮት ላይ አንድ መስመር ጉብ ብሎ ታይቶ ነበር። ያ መስመር እውነት ይሁን ውሸት ለማወቅ አንድ ሙከራ ብቻ ቀርቶናል። አብሮኝ የነበረው በያጁ ካሳው ፊቴን ሲያይ ገባው። ኮፍያውን አወለቀና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«እናጥፋው?» አለኝ።

ምን እንዳልኩት በኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሞ ግን ሴትዮዋን ማወቅ አለባችሁ። አለዚያ ሰው ሞተ ተብሎ እየተነገረው ማሽን የሚነካካ ሰው አረመኔ ይመስላችኋል።

እኔ የአንበሳሜ ልጅ ነኝ፤ ወረታ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል። ዶክተር ስመኝ የቁሐር ሚካኤል ልጅ ናቸው። ክረምት በገባ ቁጥር መንደሩ ውኃ ላይ የሚቀመጥ፣ ከብቱ ወደ ደረቁ ዳርቻ የሚሸሽ፣ ሰው ቡትስ ሳያጠልቅ ጎረቤቱን መጠየቅ የማይችልበት ቀበሌ ነው። ከዚያ ተነሥተው አዲስ አበባ ፊዚክስ ተማሩ፤ ከዚያም ባሕር ማዶ ሄደው ዕድሜያቸውን ያጋመሱት የፀሐይን ሥራ ምድር ላይ ለመድገም በሚሞክር የምርምር ጣቢያ ነው። ኮሌጃችን በር ላይ የቆሙት ግን በነሐሴ ጭቃ፣ የላስቲክ ቡትስ አጥልቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር። ዘበኛው «የማን እናት ነዎት?» አላቸው። «የማንም። ዲኑን ፈልጌ ነው፤ ባዶ ክፍል እንዲሰጠኝ» አሉት። ዘበኛው ይህን ወሬ ለዓመታት ሲያወራው ኖሯል፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየጨመረበት።

ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገተ መለሎ ሴት ነበሩ። ሲያስቡ የሚያደርጓት ነገር ነበረች፤ ፊታቸው ያለውን ዕቃ በጣታቸው ጥፍር ሁለቴ ቆርቆር ያደርጉና «እሺ፣ ንገረኝ» ይሉታል። ብረትም ይሁን ሽቦ፣ ለእሳቸው ሁሉም የሚናገር ነገር አለው። አንድ ነገር ሲበላሽ አይቆጡም። «እንደገና» ይላሉ፤ አበቃ። ይህች ቃል መጀመሪያ ላይ ታበሳጨኝ ነበር። ሰው እንዴት ለአንድ ወር ልፋት አንዲት ቃል ብቻ ይኖረዋል? ብዬ አኩርፌ ቤቴ የገባሁባቸው ቀናት አሉ። በማግስቱ ስመጣ ግን እሳቸው ቀድመውኝ ገብተው እንደገና ጀምረው አገኛቸዋለሁ፤ ኩርፊያዬን የማሳይበት ጊዜ እንኳ አይሰጡኝም።

ምን ልንሠራ እንደሆነ የነገሩኝ ኮሌጁ ግቢ፣ ዋርካው ሥር ተቀምጠን ነው።

«ፀሐይ ምን ትሠራለች?» አሉኝ።

«ታበራለች።»

«እሱንስ አምፖልም ያደርገዋል። ፀሐይ ትንንሾቹን የሃይድሮጅን ቅንጣቶች አጋጭታ ታዋህዳቸዋለች። ሲዋሃዱ የሚተርፈው ጉልበት ነው እኛን የሚያሞቀን። ሰው ይህን ምድር ላይ ላድርግ ሲል ችግሩ ምን መሰለህ? ያን ያህል የጋለ ነገር የሚይዝ ዕቃ የለም። ግድግዳ ሲነካ ይቀዘቅዛል፤ ግድግዳውንም ያበላሻል። ስለዚህ በማግኔት ነው የሚያዘው። ምንም ሳይነካ መሃል ላይ ተንሳፍፎ እንዲዞር።»

ከዚያ ከቦርሳቸው ትርንጎ አወጡ። ላይና ታቹን ቆረጡና በቢላዋ መሃሉን ወግተው በቀጭኑ ሸነቆሩት። «እሳቱን በማግኔት የሚይዘው ማሽን ቶካማክ ይባላል፤ የተለመደው እንደ ቦንቦሊኖ ነው፤ መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ። የኔው ይኸ ነው፤ ሉላዊ ቶካማክ ይሉታል። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ማግኔቱና የሚዞረው እሳት ይቀራረባሉ፤ በትንሽ ጉልበት ብዙ ይያዛል። ክፋቱ ሽቦውም፣ ሙቀቱም፣ ጣጣውም ሁሉ በዚህች ጠባብ ቀዳዳ ማለፍ አለበት።» ጣታቸውን በቀዳዳው ሰድደው አሳዩኝ። ሲጨርሱ ማሽኑን ልጠው፣ ግማሹን ለኔ ሰጥተው፣ ግማሹን በሉት።

ወረታ ውስጥ ወሬው ሲሰማ ሁሉም የጠየቀው አንድ ነገር ነበር። መብራት በየቀኑ የሚጠፋበት ከተማ ሌላ ምን ይጠይቃል? «ዶክተር፣ መቼ ነው መብራት የሚሰጡን?» ሲሏቸው ፊት ለፊት ነው የሚመልሱት። «ከዚህ ማሽን? መቼም። ይኸ ማሽን ሻይ እንኳ አያፈላም። መማሪያ ነው። ትልልቆቹ ማሽኖችም ገና እየታገሉ ነው፤ በኔ ዕድሜ አይደረስበትም።» አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ «ታዲያ ምን ያለፋዎታል? እዚያው ፈረንጅ አገር ቢቀመጡ አይሻልም ነበር?» አላቸው። ዶክተር ስመኝ አልተቀየሙም። «አባቴ ረግረጉ ላይ ሩዝ ሲዘራ ጎረቤቱ ሁሉ የወፍ ቀለብ ብሎ ስቆበታል። ዛሬ አንተ የምትነግደው ምንድን ነው?» አሉት። ሰውዬው የሩዝ ነጋዴ ነበር። ለብቻችን ሲያወሩኝ ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ «እዚያ እኔ ባልኖርም ማሽኑ ይሠራል። እዚህ ካልኖርኩ ግን ጥያቄውም የለም።»

ዲኑ አንድ አሮጌ ክፍል ሰጣቸው። ካሳው ከተጣለ የወተት ታንከር ሁለቱን ድፍን ጫፎች ቆርጦ ገጣጠማቸውና ቅል የመሰለ ትልቅ ክብ ብረት አወጣ። ፓምፑንና መለኪያዎቹን የድሮ ባልደረቦቻቸው ላኩላቸው። ማግኔቱን እኔና እሳቸው በእጃችን ጠመጠምን። ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ከክቡ ብረት አየሩን በፓምፕ መጥጦ ማውጣት፣ ጥቂት ሃይድሮጅን መልቀቅ፣ በካፓሲተሮች ያጠራቀምነውን ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ መተኮስ። ሁሉም ከሰመረ ጋዙ ነድዶ ፕላዝማ የሚሉት የሚያበራ እሳት ይሆንና የዓይን ጥቅሻ በማይሞላ ጊዜ በቀዳዳዋ በሚያልፈው ምሰሶ ዙሪያ ይዞራል፤ ከዞረ በመለኪያው መስኮት ላይ ያለው መስመር ይዘላል። ዶክተር ስመኝ የፈለጉት ይህችን አንዲት ዙር ነበር። በእኛ ወረዳ፣ በፎገራ ምድር ላይ፣ አንድ ጊዜ በእውነት ስትዞር ማየት።

መጀመሪያ ያሸነፈን አየሩ ነው። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ያጓራል፤ የአየሩ መለኪያ ግን አንድ ቦታ ደርሶ አልወርድም ይላል። የሚያፈስ ቀዳዳ ፈለግን፤ ካሳው ብየዳውን ሁሉ ደገመው። ምንም የለም። በመጨረሻ ዶክተር ስመኝ ክዳኑ ይከፈት አሉ። ሲከፈት አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው አሸተቱ። ቀና አሉና ካሳውን አዩት።

«ካሳው፣ እዚህ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም የለ፣ ዶክተር።»

«ቅቤ ይሸታል።»

ካሳው አንገቱን ደፋ። በሁለቱ ብረቶች መካከል አየር እንዳያስገባ የሚቀመጠው የላስቲክ ቀለበት ደርቆ አሳዝኖት ኖሯል። ቁሐርም ሆነ ጎረቤታችን ይፋግ፣ ጠፍር ሲደርቅ፣ የአገልግል ቆዳ ሲሰነጠቅ ቅቤ ይቀባል፤ ይለሰልሳል፤ ዕድሜው ይረዝማል። እሱም ሚስቱን ለጋ ቅቤ ለምኖ፣ ቀለበቱን አጥግቦ፣ የተረፈውን በቀዳዳው አፍ ዙሪያ አዳርሶት ነበር። ክፋት የለበትም፤ ለማሽኑ እንደ በሬ ነው የሳሳለት። አየሩ ሲመጠጥ ግን ቅቤው ትንፋሹን ይለቃል፤ ፓምፑ የሚመጥጠው የካሳውን ሚስት ቅቤ ነበር ማለት ነው።

እኔ ካሳውን ልሰድበው አፌን ከፍቼ ሳለ ዶክተር ስመኝ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው መሳቅ ጀመሩ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «በዓለም ላይ ብዙ ማሽን አይቻለሁ፤ ቅቤ የተቀባ ግን ይኸ የመጀመሪያው ነው» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ጨርቅና አልኮል አምጥተው ማጽዳት ጀመሩ። «እንደገና።» ካሳው ከዚያን ቀን ወዲያ ሙትልኝ ቢሉት የሚሞት ሰው ሆነ። እኛም አንዲት ቋንቋ ተረፈችን። አንድ ሰው ደስ የሚል ውጤት ይዞ ሲመጣ፣ ሪፖርት ሲያሳምር፣ ነገር ሲያለሰልስ ዶክተር ስመኝ «ቅቤው የት ነው?» ይላሉ። ሰውዬው የግዱን ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ያገኘዋል።

የእሳቸውን ልክ ያወቅሁት ግን እንግዶቹ የመጡ ቀን ነው። ክፍሉ ለሌላ ሥልጠና ተፈልጓል የሚል ወሬ ከተነሣ ቆይቷል። ዲኑ ጠዋት አስጠርቷቸው «ዶክተር፣ ዛሬ ከዞን የሚመጡት ሰዎች የሚታይ ነገር ካዩ ክፍሉ የእርስዎ ነው። ካላዩ እኔም አቅም የለኝም» ብሏቸው ነበር፤ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። እንግዶቹ ገቡ። ተኮስን። በመስታወቷ መስኮት ውስጥ ሮዝ ብርሃን ቦግ ብሎ ጠፋ። ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ። ዲኑ እጃቸውን ሊጨብጥ ተንጠራራ። አንዱ እንግዳ «ይኸው ፀሐይ ወረታ ገባች» አለ፤ ፎቶ የሚያነሣው ሰው ወደ መስኮቷ ተጠጋ።

ዶክተር ስመኝ መለኪያውን አዩ። መስመሩ አልተንቀሳቀሰም።

«አመሰግናለሁ» አሉ፤ «ግን ይኸ እሱ አይደለም። ጋዙ በርቷል እንጂ አልዞረም። የሱቅ ማስታወቂያ አምፖልም እንዲህ ያደርጋል። እኛ የምንፈልገው የሚዞረውን ነው፤ እሱ ገና አልመጣም።»

ጭብጨባው ቆመ። እንግዳው «ትሕትና ነው፣ ትሕትና ነው» ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። «ትሕትና አይደለም ጌታዬ። መለኪያው ነው» አሉት። ዲኑ መሬት መሬት አየ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፍሉን እንድንለቅ ተነገረን። እኔ ተናድጄ «ምናለ ዝም ቢሉ? ማን ያውቃል?» አልኳቸው። ዕቃ እያሰሩ ነበር። «እኔ አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ። ሁለት ሰው ካወቀ እኮ ብዙ ነው» አሉኝ። በዚያች ሰዓት በጣም አናድደውኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከሳቸው ሌላ አለቃ አልፈለግሁም።

ከነማሽኑ ያስጠጋን አቶ ደሴ ነው፤ የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት። ከመፈልፈያው ጀርባ መጋዘን ነበረው፤ ትልቁ ነገር ደግሞ ከባድ ማሽን የሚችል ባለ ሦስት ፌዝ የመብራት መስመር ነበረው። ዶክተር ስመኝን «አባትዎ ባይኖሩ እኔ ምን እፈለፍል ነበር? ግቡበት» አላቸው። ገባን። በሥራ ቀን ግን ቦታው ጉድ ነው። የሩዝ እብቅ እንደ ጉም ይቦናል፤ ክዳን በከፈትን ቁጥር ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ከተማው ውስጥ ያሉት መፈልፈያዎች ሁሉ ሲነሡ ደግሞ መብራቱ ይደክማል፤ ፓምፑ ያቃስታል፤ ካፓሲተሮቹን በወጉ መሙላት አይቻልም። አንድ የሚካኤል ቀን ዶክተር ስመኝ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በመጋዘኑ በኩል አለፉና ቆሙ። ጸጥታ ነው። በበዓል ቀን በፎገራ የሚፈለፍል ሰው የለም። መብራቱን አበሩ፤ አምፖሉ ፍንትው ብሎ በራ፤ ሳይርገበገብ ቀጥ ብሎ ቆየ። በጣታቸው ጥፍር ሁለቴ ቆርቆር አደረጉት። «እሺ፣ ገባኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የምንተኩሰው በበዓል ቀን ሆነ። ነገር የመጣውም ከዚያ ነው። በእኛ አገር በበዓል ቀን የሚሠራ ሰው በራሱ ብቻ አይደለም ጣጣ የሚያመጣው፤ በረዶ ያስወርዳል፤ የሰው ሁሉ ሰብል ይመታል ይባላል። ሩዙ ደግሞ እያዘረዘረ ነው። «ዶክተሯ በሚካኤል ቀን ብረት ትቀጠቅጣለች» የሚለው ወሬ ከወረታ ቁሐር ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። አገሩ መክሮ አጎታቸውን ቄስ ይባቤን ላካቸው። የቁሐር ሚካኤል አገልጋይ ናቸው፤ ዶክተር ስመኝን ክርስትና ሲነሡ ያጠመቁ ሰው። አቶ ደሴም ፈርቶ «ቄሱ እምቢ ካሉ እኔም አልችልም» ብሎናል። ስለዚህ መቋሚያቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲቆሙ የማሽኑ ዕጣ በእጃቸው ነበር።

«ስመኝ፣ አገሩ ከፍቶታል» አሉ። «በበዓል ትሠራለች ነው የሚሉኝ። በረዶ ቢወርድ በማን ይላከካል?»

«አባ፣ ይግቡና ይዩ። አይተው የሚሉኝን እሰማለሁ።»

ገቡ። ማሽኑን ዞረው አዩት።

«ይኸ የሚፈጨው ምንድን ነው?»

«ምንም አይፈጭም።»

«የሚሸጥ ነገር ያወጣል?»

«አያወጣም፣ አባ።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ይጠየቃል። ዞርክ ወይ እንለዋለን። እስካሁን አልዞርኩም ነው የሚለን።»

ቄስ ይባቤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ማሽኑን ትክ ብለው ሲያዩት ቆዩ። «ማረስ አይፈቀድም» አሉ በመጨረሻ። «መፍጨትም፣ መቀጥቀጥም አይፈቀድም። መጠየቅን ግን የከለከለ አላየሁም። እኛስ በበዓል ቤተ ክርስቲያን የምንቆመው ምን ልናደርግ ነው?» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ካሳው ቀሰሩ። «ብየዳ የለም። መዶሻ የለም። ቅዳሴ ሳይወጣ አይጀመርም። ጥያቄ ብቻ።»

«ጥያቄ ብቻ» አሉ ዶክተር ስመኝ።

ሕጋችን ይኸው ሆነ። በሥራ ቀን በእብቅ ታፍነን እንበይዳለን፤ በበዓል ቀን ነጭ ለብሰን እንጠይቃለን። ቄሱ ሊወጡ ሲሉ ዘወር ብለው «መልሱ አዎ ቢል በምን ታምኝዋለሽ?» አሏቸው። ዶክተር ስመኝ ፊታቸው በራ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዲኑም ከእንግዶቹም አልሰሙም። «አባ፣ መስመሩ ሲዘል ካየን ጋዙን ዘግተን በባዶው እንደገና እንተኩሳለን። ጋዝ ከሌለ የሚዞር ነገር የለም። ያኔም ከዘለለ ሽቦው ነው የሚዋሸን። ዝም ካለ ግን የፊተኛው እውነት ነበር ማለት ነው።» ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ዓመት በረዶ አልወረደም፤ ወይም ወርዶ ሌላ ቦታ ሄዷል። ቄስ ይባቤም ለገበያ ወረታ በመጡ ቁጥር ጎራ ይላሉ። «ተዟዟረ?» ይሉናል መጀመሪያ። እኛ ስንቅለሰለስ «ያለ ጋዝስ?» ብለው ይስቁብናል።

ሕመሙ ሲጀምራቸው ጨጓራ ነው ብለው ናቁት። ሲተኙም ማሽኑን አልተዉትም፤ እኅታቸው ቤት አልጋ ላይ ሆነው በስልክ ያዙናል። እኔና ካሳው ብቻችንን ሆነን በአንድ የማርያም ቀን ስንተኩስ መስመሩ ዘለለ። ካሳው ጮኸ። እኔ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ እየሮጥኩ ሄድኩ። እኅታቸው በር ላይ ስልኩን አይታ አለቀሰች፤ «እግዜር ይስጥህ፤ ደስ ብሏት ትሂድ» አለችኝ።

ዶክተር ስመኝ ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ብዙ አዩት። እጃቸው አጥንት ብቻ ሆኗል።

«ቅቤው የት ነው?» አሉኝ።

«የለውም፣ ዶክተር።»

«ያለ ጋዝ ተኩሳችኋል?»

አልተኮስንም ነበር። በደስታ በኖ ጠፍቶብናል። «በሉ ሂዱና ጠይቁት» አሉኝ። በሚቀጥለው በዓል ጋዙን ዘግተን ተኮስን። መስመሩ ልክ እንደፊተኛው ዘለለ። ሽቦው ነበር የዋሸን። ካሳው ባልዲ በእርግጫ መታ። ወደ ቤታቸው የሄድኩት እግሬን እየጎተትኩ ነው።

እኅታቸው ከግቢው በር ሳልገባ ያዘችኝ። ከፊቴ ሁሉን አንብባዋለች። «አዎ በላት» አለችኝ። «ሙሉቀን፣ በናትህ። ምን ይጎዳሃል? ለስንት ቀን ነው?» እውነቴን ነው የምነግራችሁ፤ ልዋሽ ነበር። ክፋትም አይመስለኝም ነበር። ስገባ ግን ትራሱን ተደግፈው ቀና ብለው፣ ፈተና እንደሚጠብቅ ሰው እየጠበቁኝ ነው። የዞን ሰዎች ፊት ያልዋሹትን ሰው እኔ እንዴት አልጋቸው ላይ ልዋሻቸው?

«ዘለለ፣ ዶክተር» አልኳቸው። «ያለ ጋዝም ዘለለ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኅታቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ገደልኳቸው ብዬ ነበር። ዓይናቸውን ሲገልጡ ግን ያቺ የማውቃት ፊት ተመልሳለች።

«የመለኪያው ሽቦ ከካፓሲተሩ ገመድ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እሱ ነው። አርቁት። የሽቦውን መሄጃና መመለሻ ደግሞ እንዲህ አድርጉት።» የነጠላቸውን ሁለት ክር መዘዙና በጣቶቻቸው እርስ በርሱ ገመዱት። ገምደው ሲጨርሱ መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «እንደገና» አሉኝ። ለኔ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ሌላም ቃል አልጠብቅም ነበር።

ሽቦውን በሥራ ቀን፣ በእብቅ መሃል፣ ክሩን እያየን ገመድነው። ከካፓሲተሩ ገመድ አርቀን በመጋዘኑ በሌላው ጥግ አዞርነው። ከዚያ ኅዳር ሚካኤል መጣ። ቅዳሴ ሰምተን፣ ነጭ እንደለበስን ገባን። ጋዝ ለቀን ተኮስን። መስመሩ ጉብ አለ። ስልኩ የጠራው ያኔ ነው።

እንግዲህ ካሳው «እናጥፋው?» ሲለኝ ያልኩት «አናጠፋም» ነው። የጋዙን ቧንቧ ዘጋሁ። ካሳው ከግድግዳው ተነሥቶ፣ ፊቱን በጋቢው ጠርጎ፣ ካፓሲተሩን መሙላት ጀመረ። አቶ ደሴ የበዓል ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል፤ ወሬው ደርሶታል። ተኮስኩ።

መስመሩ አልተነሣም። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ተኛ።

ጋዝ ለቀን ደገምነው፤ ጉብ አለ። ዘጋን፤ ተኛ። እንደገና ለቀቅን፤ ጉብ አለ። ማንም አላጨበጨበም። ካሳው ማሽኑን በጣቱ ጥፍር ሁለቴ ቆርቆር አደረገውና ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለሞቱ ብቻ አይደለም፤ ለአንድ ጠዋት እንኳ ሳይቆዩ በመሄዳቸው ተናድጄ ነው። ከዚያ ሁሉንም አጥፍተን፣ በሩን ዘግተን፣ ወደ ቁሐር አቀናን።

ውኃው ሸሽቷል፤ ጭቃው ግን አልደረቀም። ሩዙ ግራና ቀኙ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል። ደብሩ ስንደርስ ለበዓል የመጣው ሕዝብ ሳይበተን ለቀብር ቆሞ ነበር። አስከሬኑ ወጥቷል፤ ፍትሐት ተጀምሯል። ዘግይተን በመምጣታችን ሰዎች በዓይናቸው ገላመጡን፤ እውነታቸውን ነው። ጉልበታችን ድረስ ጭቃ እንደሆንን በሕዝቡ መሃል እየተሹለከለክን ወደ ፊት ቀረብን።

ቄስ ይባቤ አዩን። ንባባቸውን አቆሙ። ሕዝቡ ምን ሆኑ ብሎ ተያየ። እሳቸው ግን የኔን ዓይን እያዩ፣ ለገበያ ሲመጡ እንደሚጠይቁን አድርገው፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ያለ ጋዝስ?»

«ዝም አለ፣ አባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በመቋሚያቸው ተደግፈው ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አሉ።

«ስመኝ» አሉ፤ «ያለ ጋዝ ዝም አለ አሉ።»

ቀና ብለው ፍትሐቱን ካቆሙበት ቀጠሉ።